ከሽማግሌዎቹ መስመር ወዲህ

ጌቱ የሞተው ለመታረቅ ሄዶ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው።

ያገኙት ከአስታራቂ ሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። "ና ልጄ፣ ተፈቅዶልሃል፣ ውረድ" ሊሉት የመኪናዋን በር ሲከፍቱ ወደ ውጭ ዘንበል አለባቸው። ሞተሩ ይሠራል። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ማሞቂያው ይነፋል። የልጁ ከንፈር ሮጦ እንደመጣ ሰው ቀልቷል።

ቦታው ከቁይ ከተማ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው። እዚያ በጥቅምት የሚነፍሰው ነፋስ በጠራራ ፀሐይም አጥንት ይቆረጥማል። ስለዚህ ሰው ሞተር አስነስቶ፣ መስኮት ዘግቶ ቢቀመጥ ማንም አይገርመውም።

ሐኪሙ ጭስ ነው የገደለው አለ። መኪናዋ ተጎትታ ደብረ ማርቆስ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ገባች። ኮፈኗን የከፈተው ፖሊስ ከጭስ ማውጫው የሚመጣ አንድ ቀጭን ሽቦ ተልጦ ከሞተሩ ብረት ጋር ታስሮ አገኘ። መኪናዋን በዋዜማው የጠገናት መካኒክ ሙሉቀን ነበር። ምሳውን ሳይጨርስ ከጋራዡ ይዘውት ሄዱ።

ምክትል ኢንስፔክተር ጥላነሽ መዝገቡ ሲደርሳት የተጠርጣሪውን ስም አየችና ደስ አላት። ደስ ማለቷ ደግሞ አናደዳት።

ሙሉቀንን አትወደውም። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት አውቶሞቲቭ የተማረችው ከእሱ ጋር ነው። ካንዴላ በፈታች ቁጥር "ሞተሩ አፈረ" እያለ ክፍሉን ያስቅባት ነበር። እሷ ፖሊስ ሆነች፣ እሱ ጋራዥ ከፈተ። እስከ ዛሬ በበሩ ስታልፍ የሰው መኪና ጥሩምባ ይነፋባታል። ታስሮ ማየቷ አንጀቷን አራሰው። ግን ሽቦው ታስሯል የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደግማ አነበበችው። ሰነፍ ጋራዥ ሽቦ ነቅሎ ይተዋል እንጂ ልጦ ከብረት ጋር አያስርም።

ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወረደች።

ሙሉቀን ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። አልተነሳም።

"ሽቦውን ከብረት ጋር ያሰርከው አንተ ነህ?"

"መዝገቡ ላይ ተጽፎ የለም? ምን ትጠይቂኛለሽ።"

"መዝገቡን አይደለም፣ አንተን ነው የጠየቅኩት።"

"ፖሊስ ሆነሽ አሰርሽኝ፣ አሁን ደግሞ መካኒክ ሆነሽ ልትፈቺኝ ነው?"

"እኔ አላሰርኩህም። የማስርህ እኔ ብሆን ኖሮ እስካሁን አልጠብቅም ነበር።"

በአፍንጫው ሳቀ።

"መኪናዋ ምን ሆና መጣችልህ?"

"ቤንዚን ትጠጣለች፣ ዳገት ላይ ትታፈናለች።"

"ምን አገኘህ?"

"የሙቀት ሴንሰሯ ሞቷል። ሞተሩ ቢሞቅም ኮምፒዩተሩ ገና ብርድ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ቤንዚን ያፈስላታል። ቀየርኩት። ካንዴላዎቹም ጠቁረው ነበር፣ አዲስ አስገባሁ። በቃ።"

"የጭሱን ሴንሰርስ?"

"ፈተሽኩት።"

"እንዴት አድርገህ?"

የጥፍሩን ጥላሸት መፋቅ ጀመረ።

"እንዴት ፈተሽከው ሙሉቀን?"

"ሽቦውን ነቅዬ ብረት አስነካሁት። ኮምፒዩተሩ ይሰማ እንደሆነ ለማየት። አንቺም ተምረሽዋል፣ ካልረሳሽው። ከዚያ ቦታው መለስኩት።"

"ያኔ አጠገብህ ማን ነበር?"

"ባለመኪናው።"

"ሙላት? የሟቹ አጎት?"

"ሂጂ አሁን" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መኪናዋ ጋራዦች "በቅሎ" የሚሏት ዓይነት ናት፤ ፈረስም አህያም አይደለችም። እንደ ድሮዎቹ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር አላት፤ እንደ አዲሶቹ ደግሞ ካርቡሬተሩን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር አላት። ጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው ሴንሰር ጭሱን እየለካ በዚያች ቀጭን ሽቦ ወሬ ይልካል። ቤንዚን በዛ ሲባል ኮምፒዩተሩ ይቀንሳል፣ አነሰ ሲባል ይጨምራል። ሽቦው ከብረት ጋር ከታሰረ ግን ወሬው ይቋረጣል። ኮምፒዩተሩ ዝምታውን "ቤንዚን አነሰ" ብሎ ይተረጉመዋል። ይጨምራል። አሁንም ዝም ነው፤ አሁንም ይጨምራል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሚያወጣው ጭስ ዝግ ቤት ውስጥ ካነደዱት ከሰል የከፋ ነው።

ጥላነሽ እጅጌዋን ሰብስባ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈታች። የግቢው ፖሊሶች ቆመው ያዩዋት ጀመር። አንዱ የሆነ ነገር ተናገረ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ዞራ አላየቻቸውም።

ሐኪም ምላስ እንደሚያይ መካኒክ ካንዴላ ያያል። የእነዚህ ጫፍ ላዩን ጠቁሯል። በጣቷ ስትጠርገው ጥቀርሻው እንደ ዱቄት ተነሳ፤ ከሥሩ ያለው ቡናማና ንጹሕ ነው። ከማርቆስ እስከ ቁይ፣ ከቁይ እስከ ዳገቱ ያለውን መንገድ ሁሉ ቤንዚን በዝቶባት የሄደች መኪና እንዲህ ያለ ካንዴላ አይኖራትም። መኪናዋ ደህና ሄዳለች። የታመመችው ከቆመች በኋላ ነው።

ኮማንደር ታረቀኝ ቢሮው ውስጥ ካንዴላዋን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ፊቱን አጨማደደ።

"ይኼን አንሺልኝ። ወረቀት ያበላሻል።"

"ሽቦው የታሰረው ዳገቱ ላይ ነው ኮማንደር። ሙሉቀን ያን ዕለት እዚያ አልነበረም።"

"ታዲያ ማን ነበር? የአንሙት ወገን ነው የነበረው። አንሙት ልጁ የተገደለበት ሰው ነው። የእሱ ሰዎች ገደሉት ብዬ ልጻፍ? ነገ የጌቱ ዘመዶች ጠመንጃ ይዘው ይወጣሉ።"

"እነሱ ናቸው አላልኩም።"

"እንግዲህ መካኒኩ ነው። ቸልተኝነት ነው፣ አደጋ ነው፣ ማንም አይተኩስም። መካኒኩ ቢሆን ለሁሉም ይሻላል።"

"ለሙሉቀን አይሻልም።"

"አንቺ ደግሞ መቼ ወደድሽው?"

"አልወደውም" አለች። "ግን አላደረገውም።"

ኮማንደሩ መዝገቡን ገፋላት። ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል አላት። ጥላነሽ ካንዴላዋን አንስታ ወጣች፤ ወደ ሞተሩ መለሰቻት። ያን ጊዜ ከሙሉቀን ይልቅ አለቃዋን ጠላችው።

በማግስቱ ጠዋት ቁይ፣ ለቅሶ ቤት ደረሰች።

ድንኳኑ ሲያያት ጸጥ አለ። ማንም ቦታ አልለቀቀላትም። ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ወንዶች ከላይ እስከ ታች አዩዋት። አንዱ "መካኒኩን ፈትታችሁ እንዳትለቁብን፤ ከለቀቃችሁ እኛ እንቀበለዋለን" አላት። ሌላው መሬት ላይ ተፋ። ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያለቅሰው የሟች አጎት ሙላት ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጋቢ የደረበ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። አባት የሌለውን ጌቱን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው እሱ ነው ይላል አገሩ።

መሪጌታ ልሳነወርቅን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘቻቸው። የዕርቁን ነገር ከሥር ጀምረው ነገሯት።

ከዓመታት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ ጥል ተነስቶ የአንሙት ልጅ በጥይት ሞተ። ጌቱ "እኔ ነኝ" ብሎ እጁን ሰጠ፤ ተፈርዶበት ታሰረ። ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። ግን ፍርድ ቤት ቢፈታውም ደሙ አልደረቀም። ካልታረቀ የእናቱን መሬት ማረስ፣ ቤተ ክርስቲያኑን መሳለም አይችልም። ሽማግሌዎች ቀን ቆረጡ። በአገሩ ደንብ ገዳይና የሟች ወገን ዕርቁ ሳያልቅ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ስለዚህ አንሙትና ወገኖቹ ከላይ ከዛፎቹ ሥር ተቀመጡ፤ ጌቱ ከታች በአጎቱ መኪና ውስጥ ቆየ። ሽማግሌዎቹ በመሐል ይመላለሳሉ።

"ከአንሙት ወገን መኪናዋ ድረስ የወረደ ሰው አለ መሪጌታ?"

"ዘንጋችንን ተክለን መስመር አበጅተናል። ከዚያ ያለፈ የለም። አንድ ሰው ቢያልፍ ዕርቁ ያኔ ይፈርስ ነበር።"

"ምናልባት ሳታዩ…"

"ልጄ፣ የተቀመጥነው ለዚያ ነው። ሜዳው ገላጣ ነው።"

"ከመስመሩ ወዲህስ? ከጌቱ ጋር ማን ነበር?"

"አጎቱ ብቻ። መኪናዋን ከነፋስ ትከለል ብሎ ኋላዋን ከገደሉ አፈር ጋር አስጠግቶ አቆማት። ምሳም ያደረሰለት እሱ ነው። ራዲያተሩ ውሃ ጎድሎበታል ብሎ ኮፈን ሲከፍትም አይተነዋል።"

የመኪናዋ ወለል እንደ ወንፊት ዝጎ ተበልቷል፤ ጥላነሽ ትናንት በዓይኗ አይታዋለች። ስትሄድ ጭሱን ነፋስ ይወስደዋል። ኋላዋ ከአፈር ጋር ተለጥፎ ስትቆም ግን ጭሱ ተመልሶ በወለሉ ይገባል።

"እርስዎ በዚያችው መኪና ነው የወጡት?"

"ሦስታችንም ሽማግሌዎች። መስኮት ዘግተን።"

"ራስዎን አላመመዎትም?"

"ምንም።"

"ልጁ ሞቶ ሲገኝ ሙላት ምን አደረገ?"

"እየጮኸ ወደ መኪናዋ ሮጠ። ኮፈኑን ሊከፍት ሲታገል ይዘን መለስነው። ሐዘን አሳብዶት ነው አልን። ወዲያው ዘንጎቻችንን ነቅለን መኪናዋ ዙሪያ ተከልናቸው፤ መንግሥት እስኪመጣ ከሁለቱም ወገን ማንም እንዳይጠጋ። በዕርቅ መሐል ሞት ሲመጣ እንዲህ ነው የሚደረገው።"

ጥላነሽ ልጁ ሞቶ ሳለ ወደ ኮፈን የሚሮጥ ሐዘንተኛ አታውቅም።

የጌቱ እናት ወለተ ሰንበት ጓዳ ውስጥ አመድ ላይ ተቀምጠዋል። ጥላነሽ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች።

"እማማ፣ ጌቱ ከዕርቁ በፊት ምን አለዎት?"

"መስቀል ይዤ አልዋሽም አለኝ።" ድምፃቸው አልቋል። "በዕርቅ ላይ ገዳይ እንዴት እንደገደለ መስቀል ይዞ ይናገራል። ይናገር ምን አለበት? እሱ እንደሆነ አምኖ ታስሯል። ለምን እንዲህ እንዳለኝ አልገባኝም።"

"ለሌላ ሰው ነገሩት?"

"ለማን እነግራለሁ። ወንድሜን ሙላትን ጠየቅኩት እንጂ። ልጁ ምን ማለቱ ነው ብዬ።"

ሴትዮዋ ምን እንደተናገሩ አላወቁም። ጥላነሽም ልትነግራቸው አልደፈረችም፤ ፈራች። እጃቸውን ለቃ ወጣች።

ረፋድ ላይ መኪናዋን ከማርቆስ አስጎትታ ዳገቱ ሥር አስቆመቻት። ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ሙላትም ሁለት ፖሊሶች አጅበውት መጣ።

"ጋሽ ሙላት፣ ያን ዕለት መኪናዋን የነዱት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ከጋራዥ እንደወጣች?"

"እንደወጣች። ያ አህያ መካኒክ አበላሽቶ ሰጠኝ። ልጄን ፈጀብኝ።"

"ሽቦው እንደታሰረ ነው ማለት ነው የነዷት?"

"እኔ ስለ ሽቦ ምን አውቃለሁ? እንደሰጠኝ ነዳኋት።"

"ጥሩ። አሁንም እንደሰጠዎት ናት፣ ሽቦውን አልነካነውም። መሪጌታ፣ ሦስታችሁም ግቡ። ያን ዕለት የተቀመጣችሁበት ቦታ። ጋሽ ሙላት፣ ይንዷት።"

ሙላት ቁልፉን አየ። ከዚያ ጥላነሽን አየ።

"ምን ልሁን ብለሽ ነው?"

"ያን ዕለት የወጡትን ዳገት ይውጡልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ሞተሩ ሲሞቅና ዳገቱ ሲይዛት ኋላዋ ጥቁር ጭስ ተፋ። ጮቄ ላይ አየሩ ቀጭን ነው፤ ደህናዋም ካርቡሬተር እዚያ ታለከልካለች። ይቺ ደግሞ ቤንዚን ተሞልታ መተንፈስ አቃታት። ተንገጫገጨች፣ አስነጠሰች፣ የመጀመሪያው ኩርባ ሳይደርስ ጠፋች። ሽማግሌዎቹ እየሳሉ በየበሩ ወረዱ።

"ያን ዕለት እንዲህ ነበረች?"

"ኧረ" አሉ መሪጌታ ዓይናቸውን እያበሱ። "እንደ ውሃ ነው የወጣነው።"

ጥላነሽ ኮፈኑን ከፍታ ሽቦውን ከብረቱ ፈታች፤ ቦታው መለሰችው። ጭሱ እስኪጠራ ሞተሩን አሠራችውና ሾፌሩ ወንበር ላይ እራሷ ገባች። መኪናዋ ኩርባውን አልፋ ጫፍ ደረሰች። ዞራ ወረደች። ሙላት ቆሞ እያያት ነበር። ፊቱ ላይ ላብ አለ፤ በዚያ ብርድ።

"ያን ዕለት የወጣችው ሽቦው ሳይታሰር ነው። የታሰረው እላይ ከደረሰች በኋላ ነው። እላይ ኮፈን የከፈቱት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ውሃ ልጨምር ነው የከፈትኩት።"

"ሽቦውን ማን አሰረው?"

"የአንሙት ሰዎች ናቸዋ። ደመኛ እያለ እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ዞር ስል ወርደው ነው።"

ጥላነሽ የጠበቀችው ይህን ነበር። እሷ መልስ አልሰጠችውም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ቀስ ብለው ተጠጉት።

"ሙላት፣ ከዘንጋችን ያለፈ ሰው አይተሃል?"

"አላየሁም፣ ግን…"

"አላለፈም ብለን የቆምነው እኛ ነን። ዋሽተናል?"

"እኔ ዋሻችሁ አላልኩም።"

"አልፈዋል ካልክ ብለሃል።" መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "እንግዲህ ያዝና ንገረን። ካየህ አየሁ በል። እኛም ውሸታሞች ተብለን ከሽምግልና እንውጣ።"

ሙላት መስቀሉን አየ። እጁ ከጋቢው ሥር አልወጣም። መሪጌታ ጠበቁት። ሽማግሌዎቹ ጠበቁት። ነፋሱ ጋቢውን ያራግበዋል፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም።

"ጌቱም መስቀል ይዤ አልዋሽም ነበር ያለው" አለች ጥላነሽ። "ሠርጉ ላይ የተኮሰው ማን ነው ጋሽ ሙላት?"

"ዝም በይ አንቺ።"

"ማን ነው የተኮሰው?"

"እኔ አሳድጌዋለሁ!" ድምፁ ተሰነጠቀ። "አጉርሼ፣ አልብሼ። አንተ ልጅ ነህ፣ ቶሎ ትፈታለህ፣ እኔ ከገባሁ ቤቱ ይበተናል አልኩት። እሺ አለ፣ በፈቃዱ ነው የገባው! ጨርሶ ወጥቶ፣ ሁሉም ነገር አልቆ፣ አሁን እውነት ልናገር ይላል? ሽበት አውጥቼ ወህኒ ልውረድ? አንሙት ልጆቼን ይልቀም?"

"ስለዚህ ጭስ አጠጡት።"

"ተኝቶ ነው የሞተው። አልተሰቃየም" አለ ሙላት፣ ምሕረት እንዳደረገ ሰው።

ጥላነሽ በሥራዋ ብዙ ክፉ ሰው አይታለች። እንዲህ የጠላችው ግን አልነበረም። ካቴናውን ራሷ አሰረችለት፤ አጥብቃ አሰረችው፣ እንዲያመውም ፈልጋ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ላይ፣ ወደ አንሙት ቤት አቀና። ያለ ጥፋቱ ሲጠላው የኖረው ጌቱ የልጁ ገዳይ እንዳልነበረ ለአንሙት ሊነግረው ነው። መሪጌታ ደግሞ ወደ ለቅሶ ቤቱ፣ ወደ ወለተ ሰንበት ሄዱ። እግራቸው እንዴት እንደከበደ ከኋላቸው ያስታውቃል።

ከሰዓት በኋላ ኮማንደር ታረቀኝ የሙሉቀንን መፈታት ፈረመ። ስለ ጥላነሽ ሥራ ምንም አላለም፤ ፈርሞ ሲጨርስ ብቻ እጇ ላይ ያለውን ጥቀርሻ እንድትታጠብ ነገራት።

ሙሉቀንን በር ላይ አገኘችው። የጫማውን ክር እያሰረ ነው። አላመሰገናትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

"ያ ያንቺ ሙላት አመነ አሉ" አለ ሳያያት።

"አመነ።"

"ሽቦውን አስሮ።"

"አዎ።"

ክሩን አስሮ ጨረሰ፤ ግን አልተነሳም። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

"ያን ዕለት ስፈትሻት ሽቦውን ብረት ሳስነካ ጭሱ ጠቆረ። ሙላት ምንድን ነው አለኝ። አስረዳሁት። እኔ ደግሞ የሚሰማኝ ሰው ሳገኝ አፌ አያርፍም፣ ታውቂኛለሽ። ይሄ ጭስ በዝግ ቤት ቢሆን ሰው ይገድላል አልኩት። ለጉራ ነው ያልኩት።"

ጥላነሽ ወደ እሱ ተጠጋች።

"እስቲ ድገመው አለኝ። ደስ ብሎኝ ደገምኩለት። ከዚያ አንተ ያዘው አልኩና ሽቦውን እጁ ላይ ሰጠሁት።"

ጥላነሽ ጥፋቱ የአንተ አይደለም ልትለው ፈለገች። እውነትም የእሱ አልነበረም። ግን ይህን ሰው አጽናንታው ስለማታውቅ ቃሉ ከአፏ አልወጣም። ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።